የዳሆሜ መንግሥትና የዊዳ የባርያ ንግድ

ዳሆሜ ዛሬ ቤኒን በምትባለው አገር ደቡባዊ ክፍል ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስከ 1894 የቆየ የፎን ሕዝብ መንግሥት ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መናገሻው አቦሜ ከባሕሩ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የባርያ ንግዱ የሚካሄደው ግን በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በዊዳ በኩል ነበር። ከዊዳ ዳርቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጭነው እንደሄዱ ይገመታል። ከዚህ የበለጠ ሰው የወጣበት የአፍሪካ ወደብ የአንጎላው ሉዋንዳ ብቻ ነው። ይሁንና የዊዳ ንግድ እጅግ የደራው ዳሆሜ ወደቡን ከመያዙ በፊት በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ነው። ድል አድራጊው ንግዱን ሊጠቀልል መጥቶ ያገኘው እየቀነሰ የሚሄድ ንግድ ሆነ።

የዳሆሜ ንጉሥ አጋጃ ጎረቤቱን የአላዳን መንግሥት በ1724፣ ዊዳን ይገዛ የነበረውን የሁዌዳ መንግሥት መናገሻ ሳቪን ደግሞ በ1727 ያዘ። አጋጃ የዘመተው የባርያ ንግድን ለማስቆም ነው የሚሉ ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ከድሉ በኋላ ምርኮኛ መሸጡን ስላልተወ ግን ይህን ሐሳብ ዛሬ የሚቀበለው የታሪክ ምሁር ጥቂት ነው። የጠመንጃና የባሩድ መግቢያ በር በሌላ እጅ እንዲቆይ አለመፈለጉ ይበልጥ አሳማኝ ነው።

ዊዳ ወደብ ትባል እንጂ መርከብ የሚጠጋበት የላትም። ማዕበሉ ኃይለኛ ስለሆነ መርከቦች ራቅ ብለው መልሕቅ ይጥላሉ፤ ዕቃውም ሰውም የሚመላለሰው በታንኳ ነው። ቀዛፊዎቹ በአብዛኛው በዛሬዋ ጋና ከኤልሚናና ከአካባቢው የሚቀጠሩ ነበሩ። ታንኳ ሲገለበጥ ጭነቱ ይሰጥማል፣ እጅና እግሩ የታሰረ ሰው ደግሞ መዋኘት አይችልም። ከዳርቻው እስከ ከተማው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መሀል ላይ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ አለ። ተሸካሚዎች የዛጎል በርሜል በመንገድ ላይ እየቦረቦሩ ይሰርቃሉ የሚለው የካፒቴኖች እሮሮ ማለቂያ አልነበረውም።

ዛጎሉ ከማልዲቭ ደሴቶች በህንድና በአውሮፓ በኩል የሚመጣ ገንዘብ ነው። 40 ዛጎል በአንድ ክር ይሰካል፤ 5 ክር 200 ይሆናል፤ 20 ባለ 200 ደግሞ 4,000፣ ማለትም 4 ኪሎ ተኩል ግድም ይመዝናል። ሻጮች ከዋጋው ከፊሉን በዛጎል ካልተቀበሉ እሺ አይሉም፤ የቀረው በህንድ ጨርቅ፣ በጠመንጃ፣ በባሩድ፣ በብረትና በአረቄ ይከፈላል። የብራዚሏ ባሂያ ነጋዴዎች ሌላው የሌለው ዕቃ ነበራቸው፦ በሞላሰስ የተቀባ ጥቅል ትምባሆ። ለአውሮፓ ገበያ የማይበቃው ይህ ትምባሆ በዊዳ እጅግ ይፈለግ ስለነበር ንጉሥ ተግቤሱ በ1750 መልእክተኛ ወደ ባሂያ ላከ።

ካፒቴኑ ከሁሉ በፊት በመርከቡ የሸራ ምሰሶ ቁጥር የሚተመን ቀረጥ ለንጉሡ ይከፍላል። ቀጥሎ የንጉሡን ምርኮኞች ይገዛል፤ የግል ነጋዴዎች ተራ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረው ዮቮጋን የተባለው የነጮች ጉዳይ ሹም ነበር። ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ፖርቱጋል በከተማው ምሽግ ነበራቸው፤ ይሁንና ግንቡ ጭቃ፣ ቦታውም ከመርከብ መድፍ ርቆ ያለ ስለነበር በንጉሡ መዳፍ ውስጥ ነበሩ። ተግቤሱ በ1743 የፖርቱጋሉን ምሽግ ኃላፊ አስሮ አባሯል። ኃላፊዎቹ ለዓመታዊው በዓልም ገጸ በረከት ይዘው አቦሜ ድረስ መውጣት ነበረባቸው።

ወታደር የማረከውን ሰው ለንጉሡ አስረክቦ ዛጎል ይቀበላል። ከምርኮኞቹ አንዳንዱ በበዓሉ ላይ ይሠዋል፣ አንዳንዱ በቤተ መንግሥት እርሻ ላይ ይሰፍራል፣ የቀረው ይሸጣል። በዳሆሜ የተወለደ ሰው ባሕር ማዶ እንዳይሸጥ ደንብ ነበረ። ደንቡ ግን ንጉሡን ራሱን አላሰረውም፦ በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሥ አዳንዶዛን የቀድሞውን ንጉሥ ሚስት አጎንቲሜን ለባርነት ሸጧታል።

ንግዱ የቀነሰው በዋናነት በጦርነቱ ምክንያት ነው። ከመሀል አገር ሰው እያመጡ የሚሸጡ ነጋዴዎች የዳሆሜን መንገድ ሸሹ፤ ዘመቻ ብቻውን ደግሞ የተረጋጋ አቅርቦት አይሰጥም፣ የሚሸነፍበት ዓመትም አለ። በዛሬዋ ናይጄሪያ የነበረው የኦዮ መንግሥት ፈረሰኞች ደጋግመው ወርረው ዳሆሜን ገባር አደረጉት። የተሰደዱት ሁዌዳዎች በሐይቁ በኩል እየመጡ ዳርቻውን ይዘርፋሉ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ መርከቦች ወደ ፖርቶ ኖቮና ሌጎስ እየዞሩ ነበር። መርከብ ሲጠብቅ ታጉሮ የሚከርመው ሰው በበሽታ ያልቃል፤ ሻጩ ግን ይህን እንደ ኪሣራ ብቻ ይቆጥረው ነበር።

ጌዞ በ1818 አዳንዶዛንን አውርዶ የነገሠው በብራዚላዊው ነጋዴ በፍራንሲስኮ ፌሊክስ ደ ሱዛ እርዳታ ነው። ደ ሱዛም በዊዳ ቻቻ የሚል ማዕረግ ተሰጥቶት እስከ 1849 የንግዱ ዋና ሰው ሆኖ ቆየ። የዘንባባ ዘይት ንግድ ጎን ለጎን አደገ፤ ዘይቱን የሚያመርተውና የሚሸከመውም በአብዛኛው ባርያ ስለነበር አንዱ ሌላውን ወዲያው አልተካውም። ጌዞ ዊዳ በእንግሊዝ መርከቦች ስትከበብ በጥር 1852 የባርያ ንግድን የሚያግድ ውል ፈረመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ንግዱ ቀጠለ። በ1860 ከዊዳ 110 ያህል ምርኮኞች የጫነችው ክሎቲልዳ አላባማ ደረሰች፤ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ባርያ ያመጣች የመጨረሻዋ የታወቀች መርከብም እርሷ ናት። ስብርባሪዋ በ2019 ተለይቷል።

ፈረንሳይ ከ1892 እስከ 1894 ባካሄደችው ዘመቻ መንግሥቱ ወደቀ፤ ንጉሥ ቤሃንዚን ወደ ማርቲኒክ ተጋዘ። በዊዳ ዛሬም የደ ሱዛ ቤተሰብ የቻቻን ማዕረግ ይዞ ይኖራል። በዚያው ከተማ በተለይ ባሮች በ1835 በባሂያ ካነሱት አመፅ በኋላ ከብራዚል የተመለሱ ነፃ የወጡ ሰዎች ዘሮችም አሉ፤ ከተመላሾቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ባርያ ነጋዴ ሆነው ነበር። ፕሬዚዳንት ማቲው ኬሬኩ በ1999 በባልቲሞር ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ቤኒን በ2024 ባወጣችው ሕግ ደግሞ በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ዘሮች ዜግነት መጠየቅ ይችላሉ።