የአካባቢ ጋዜጣ ኩባንያ ምንድን ነው? ለምንስ ይወድቃል?

ጎንደር ፒያሳ፣ እኔ ማኪያቶ የምጠጣበት ቤት፣ አንድ ኮንትራክተር ይመጣል። በእጁ በኩር ጋዜጣን ይዟል። እንደ ሰው ግን ከፊት ገጽ አይጀምርም። ጨረታ ያለበትን ገጽ ፈልጎ ያወጣል፣ በእስክሪብቶ ያከብበታል፣ ስልኩን ያነሳል። ርዕሰ አንቀጹ ስለ ምን እንደሆነ ብትጠይቁት አያውቅም። ድሮ እታዘበው ነበር። አሁን ሳስበው ግን የጋዜጣ ሥራ ከእኔ ይልቅ የገባው ለእሱ ነው።

ጋዜጣ ሁለት ደንበኛ አለው። አንዱ እኔ ነኝ፣ አንባቢው። ሌላው ማስታወቂያ አውጪው ነው። እኔ የምከፍላት ብር ብዙ ጊዜ የኅትመቱን ወጪ እንኳ አትችልም። ወረቀቱ ከውጭ በዶላር ይገባል። አዲስ አበባ ታትሞ ጎንደር የሚደርስ ጋዜጣ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው ጨረታው፣ የፍርድ ቤት ጥሪው፣ የሚሸጠው መኪና፣ የሙት ዓመት መታሰቢያው ነው።

የአካባቢ ጋዜጣ ኩባንያ የሚባለው እንግዲህ የየከተማውን ጋዜጣ በአንድ ባለቤት ሥር የሰበሰበ ድርጅት ነው። እኛ ጋ ብዙም አልተለመደም። በኩር በ1987 ዓ.ም. ሲጀመር የአማራ ክልል መንግሥት ጋዜጣ ሆኖ ነው፤ የግሎቹ ደግሞ አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ በምናብ እንሥራው። ጎንደር፣ ደባርቅ፣ ደብረ ታቦርና መተማ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጋዜጣ አላቸው እንበል። ዘጋቢው የየአገሩ ሰው ነው። ማተሚያው ግን አንድ ነው፣ አዘዞ የተተከለ። ሒሳብ ክፍሉም አንድ፣ ማስታወቂያ ሰብሳቢውም አንድ። ጎንደር ላይ ቤት የሚያከራይ፣ ሠራተኛ የሚፈልግ፣ ሐዘን የሚያረዳ ሁሉ ወደዚያች አንድ ጋዜጣ ይሄዳል። ሌላ የት አለና! ዋጋውን የሚቆርጠውም ባለጋዜጣው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ሥራ የወርቅ ማዕድን ማለት ነበር። በደጉ ዘመን ከ100 ዶላር ገቢ ላይ 20ና ከዚያም በላይ የሚያተርፉ ጋዜጦች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ማክላቺ የሚባለውን ኩባንያ ታሪክ ልንገራችሁ። መነሻው ሳክራሜንቶ ቢ የሚባል የካሊፎርኒያ ጋዜጣ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1857 የተቋቋመ። የእኛው ቋረኛ ካሳ፣ ቴዎድሮስ ተብለው ደረስጌ ማርያም ከነገሡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር። ጋዜጣው በማክላቺ ቤተሰብ እጅ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ። ቀስ እያለ የሌላ ከተማ ጋዜጣ ገዛ። ከዚያ ሌላ። እ.ኤ.አ. በ1988 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ።

እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ከራሱ እጅግ የሚበልጥ ጎረሰ። ናይት ሪደር የሚባለው የጋዜጣ ኩባንያ በስፋቱ ከአገሩ ሁለተኛ ነበር፣ 32 ዕለታዊ ጋዜጦች ነበሩት። ማክላቺ በ4.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሻጩ የነበረበት 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳም አብሮ መጣ። 12ቱን ጋዜጦች ሸጦ 20ውን አስቀረ። ለግዢው የሚሆን ገንዘብ ከካዝና አልወጣም፤ ትልቁ ድርሻ ብድር ነበር። አበዳሪዎቹም ያበደሩት የትናንቱን ትርፍ አይተው ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ገደሉ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በኢሜይል የተጀመረ ክሬግስሊስት የሚባል ድረ ገጽ የሰዉን የቤት ኪራይና የሥራ ማስታወቂያ አብዛኛውን በነጻ ያወጣ ነበር። ትንንሾቹ ማስታወቂያዎች ወደዚያ ሄዱ። ጎንደር ላይ ዛሬ ቤት የሚያከራይ ሰው የመብራት ምሰሶ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፣ ወይ ደላላ ይጠራል፣ ወይ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። ጋዜጣ ትዝ የሚለው ማን ነው? በዚያ ላይ ግዢው በተፈጸመ በዓመት በሁለት ዓመቱ የአሜሪካ የቤት ገበያ ፈረሰ። ካሊፎርኒያና ፍሎሪዳ ክፉኛ ተመቱ። ማክላቺ ትልልቅ ጋዜጦች የነበሩት ደግሞ እዚያው ነው።

ጋዜጣን የገደለው ፌስቡክ ነው ሲባል በየቦታው እሰማለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ማስታወቂያው ሲሸሽ ዕዳ የሌለበት ጋዜጣ ገጹን ይቀንሳል፣ ሰው ይቀንሳል፣ ከስቶም ቢሆን ይኖራል። ዕዳ ያለበት ግን የቀነሰውን ሁሉ ወለድ ይወስድበታል። ጋዜጠኛ ያባርራል፣ የተረፈው ደመወዝ ለአበዳሪ ይሄዳል። ጋዜጣው ይሳሳል፣ አንባቢም ይሸሻል። ማክላቺ በዚህ ሁኔታ ከአሥር ዓመት በላይ ታገለ። የጡረታ ግዴታም ነበረበት። ከ24,000 የሚበልጡ የአሁንና የወደፊት ጡረተኞች ስማቸው እዚያ መዝገብ ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ዕዳዬን መክፈል አቃተኝ ብሎ ፍርድ ቤት ሄዶ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ቻተም የሚባል የኢንቨስትመንት ፈንድ ኩባንያውን በ312 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ለናይት ሪደር ከተከፈለው አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። ገዢው ማን መሰላችሁ? ዋናው አበዳሪ ራሱ ነው። የ163 ዓመት የቤተሰብ ንብረትነት እዚያ ላይ አበቃ። ጡረታውን መንግሥታዊው የጡረታ ዋስትና ተቋም ተረከበው። ሳክራሜንቶ ቢም የራሱን ማተሚያ ዘግቶ ሌላ ከተማ መታተም ጀመረ። ሌላ ከተማ የሚታተም ጋዜጣ ለመንገዱ ሲባል ገጹ ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ የማታው ወሬ አይደርስበትም። ይህን እንኳ ለጎንደር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ትናንት ያ ኮንትራክተር ጨረታ ያለበትን ቅጠል ብቻ አጥፎ ኪሱ ከተተና ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። የቀረውን ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነበር። አስተናጋጇ ልታነሳው ስትል ለመንኳት፣ ሰጠችኝ። ርዕሰ አንቀጹን አነበብኩት። ቆሎ የምትሸጠው ልጅ በሩ ላይ ቆማ እስክጨርስ ትጠብቀኝ ነበር።