ቬፕ ላይ ያለው «ቲ.ሲ.አር» ምንድን ነው?

ሙቀት የሚቆጣጠር ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ውስጥ ቴርሞሜትር የለም። ዲግሪውን የሚያሰላው ከኮይሉ (ከሚግለው ጥቅል ሽቦ) ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ከሚቋቋምበት መጠን ነው፤ ሽቦው ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ቲ.ሲ.አር የሚባለው ቁጥር ሬዚስታንሱ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከመነሻው ምን ያህል እጅ እንደሚጨምር ለመሣሪያው ይነግረዋል፦ ለኒኬል 0.006 ገደማ፣ ለስቲል 316 ደግሞ 0.0009 አካባቢ። ካንታል የሚባለው የሽቦ ዓይነት ሲግል ሬዚስታንሱ ብዙም ስለማይለወጥ ለዚህ አይሆንም።

በ20 ዲግሪ 0.50 ኦም የነበረ የስቲል ኮይል 220 ዲግሪ ሲደርስ 0.59 ኦም ብቻ ነው። ልዩነቱ ይህችን ታህል ስለሆነ መነሻው ቁጥር መሳሳት የለበትም። ኮይሉ ገና ትኩስ ሳለ «ሎክ» ካደረጋችሁት (መነሻ ሬዚስታንሱን ካስመዘገባችሁት)፣ መሣሪያው የጋለውን እንደ ቀዝቃዛ ቆጥሮ ይነሳና ከወሰናችሁት በላይ ያግለዋል፤ ፈሳሹን የሚይዘው ጥጥም ያርራል። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የስቲል ኮይል አስገብቶ ቅንብሩን ኒኬል ላይ መተው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ እባካችሁ ተጠንቀቁ።

ገና መሳብ ስትጀምሩ «ሙቀቱ ደርሷል» ብሎ የሚያቋርጥ ከሆነ ግን፣ አጥፍታችሁ መጀመሪያ የኮይሉን ብሎኖች አጥብቁ። የላላ ብሎን ሬዚስታንሱን ያዘልለዋል፤ መሣሪያው ደግሞ የጋለ ይመስለዋል።