ስቲንገር ምንድን ነው?

«ማጀቢያው እንዳለ ስቲንገር ነው። ድምፁን አጥፍተህ እየው፣ ያስቅሃል።» ስለ ልብ አንጠልጣይ ፊልም በተወራ ቁጥር አንድ ሰው ይህን ሳይል አይቀርም። ሰምቼ አልፍ ነበር፤ አሁን ግን በዛ።

ስቲንገር ድንገት የሚመታ አጭር ድምፅ ነው። በሩ ይከፈታል፣ ፊት ብቅ ይላል፣ ኦርኬስትራው «ጓ!» ያደርጋል። አለቀ። በሩ እስኪከፈት ድረስ ከሥር ሲያጉረመርም የቆየው ሙዚቃ ስቲንገር አይደለም። ዋናው ሥራ ያለው ግን እዚያ ነው።

ማስደንገጥ ቀላል ነው። ከኋላው በር በኃይል ቢላተም የማይዘል ሰው የለም፤ ለዚህ ሙዚቃ ደራሲ መቅጠር አያስፈልግም። ስጋት ግን ጊዜ ይፈልጋል። እንደ ብድር አስቡት። ማጀቢያው ከተመልካቹ ትንሽ በትንሽ ይበደራል። ማረፊያ ያላገኘ ኖታ ሁሉ ያልተከፈለ ዕዳ ነው፤ በቆየ ቁጥር ወለዱ ይከመራል። ስቲንገር የመክፈያው ቀን ነው። ምንም ሳይበደር በየአምስት ደቂቃው የሚጮህ ፊልም ታዲያ ምኑን ነው የሚከፍለው? ከቁም ሣጥን የምትዘለዋ ድመትማ ሐሰተኛ ብር ናት፤ አንዴ ካታለለች በኋላ እውነተኛውን ኖት የሚያምን የለም።

«ሳይኮ የተባለው ፊልምስ?» ይሉኛል ወዲያው። እሺ፣ ሳይኮ። እ.ኤ.አ. በ1960 የሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ኸርማን ማጀቢያውን የጻፈው ለባለ ክር መሣሪያዎች ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ሴትዮዋ የምትገደልበት የሻወሩ ትዕይንት ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ኸርማን ግን ጻፈለት፤ ሂችኮክም ሲሰማው ሐሳቡን ቀየረ። ሰው የሚያስታውሰው የቫዮሊኖቹን ጩኸት ነው። የማይወራለት ደግሞ ይሄ ነው፦ ኸርማን በሌላው የፊልሙ ክፍል መሣሪያዎቹ ድምፅ ማፈኛ ተደርጎባቸው እንዲጫወቱ አዟል። ማፈኛው የተነሣው ለሻወሩ ብቻ ነው። ያ ጩኸት ጆሮ የሚበሳው ከዚያ በፊት ጆሯችን የታፈነ ድምፅ ስለለመደ ነው። ደግሞም አንዴ መትቶ የሚጠፋ አይደለም፤ እየተደጋገመ፣ እየተደራረበ ይሄዳል። ስለዚህ ስቲንገር ለማለት ራሱ ይከብዳል።

በ1975 የወጣው፣ ሰው በላ ሻርክ ያለበት ጆውስ ላይ የሙዚቃ ደራሲው ጆን ዊሊያምስ ያደረገው የባሰ ተንኮል ነው። ሻርኩ ሲመጣ የሚሰሙትን ሁለት ኖታዎች ሁሉም ያውቃቸዋል። ልጆች ሻርክ በሚያስመስል የካርቶን ክንፍ ዋናተኛውን ሁሉ ሲያስደነግጡ ግን ኖታዎቹ የሉም፤ ሻርክ የለማ! ተመልካቹ ሳያውቀው «ሙዚቃ ከሌለ ሰላም ነው» ብሎ ይማራል። ከዚያ የፖሊስ አዛዡ ከጀልባው ላይ ማጥመጃ ሥጋ እየበተነ ሳለ ሻርኩ ያለ ምንም ሙዚቃ ብቅ ይላል። ይህን ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ ሰው ምን ሊገባው ነው?

በነገራችን ላይ፣ ስቲንገር የምትሉት ብዙው የሙዚቃ ደራሲው ሥራ ላይሆንም ይችላል። የድምፅ ባለሙያው ያስገባው የብረት ጩኸት ወይም ፍሬን ሊሆን ይችላል። በ1942ቱ ካት ፒፕል ፊልም አንዲት ሴት ሌሊት ብቻዋን ስትሄድ የሚሰማው የጫማ ኮቴ ብቻ ነው። ከዚያ የሚያስዘልለን አጠገቧ ገብቶ የሚቆም አውቶቡስ ነው። አንድም ቫዮሊን የለበትም።

«ሲጠፋ ያስቃል» ለሚለው ደግሞ፦ አዎ፣ ሊያስቅ ይችላል። ምስሉ የተቆረጠው ሙዚቃ እንደሚገባበት ታስቦ ነው። ኤዲተሩ ባዶውን ኮሪደር ለረጅም ጊዜ የሚያሳየን ከሥሩ የሚገባውን ድምፅ ተማምኖ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ከሌላ ፊልም የተዋሰውን ጊዜያዊ ሙዚቃ አስገብቶ ይቆርጣል፤ ኋላ ደራሲው «ይህን የሚመስል ሥራልን» ይባላል። ማጀቢያዎች ሁሉ ተመሳሳይ ሆኑ የምትሉ ካላችሁ፣ ቅሬታችሁን ወደዚያ ብታዞሩት ይሻላል።

በስልክ ስፒከር አይታችሁ «ሙዚቃው አያስፈራም» የምትሉትንም ልለምናችሁ። የደብል ቤዝ፣ የትልቁ ባለ ክር መሣሪያ፣ ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ (41 ኸርዝ) አካባቢ ነው የሚርገበገበው፤ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። ስልክ ያን ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ የሚደርሳችሁ አብረውት የሚሰሙት ቀጫጭን ድምፆች ብቻ ናቸው። ደህና የጆሮ ማዳመጫ አድርጉና እንደገና እንነጋገር።