የሐረሪ ክልል ምክር ቤት፦ የአነስተኛው ብሔር ድምፅ እና የመንግሥት አመለካከት

የሐረሪ ሕዝብ ክልል በቆዳ ስፋት ከኢትዮጵያ ክልሎች ሁሉ ትንሹ ነው። ዙሪያውን በኦሮሚያ የተከበበ ሲሆን በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ 183,415 ነዋሪዎች ነበሩት። ከእነዚህ ውስጥ 56 ከመቶ ያህሉ ኦሮሞ፣ 23 ከመቶ ገደማው አማራ ነበሩ፤ ክልሉ በስማቸው የሚጠራው ሐረሪዎች ግን 9 ከመቶ እንኳ አልሞሉም። የክልሉን አወቃቀር መረዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ቁጥር መነሳት አለበት።

መንግሥት ይህን አወቃቀር ሲያስረዳ ታሪክን ያስቀድማል። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት መግቢያ «ከታሪካችን የወረስነውን የተዛባ ግንኙነት በማረም» ሲል በሐረር ሐረጉ የሚያርፍበት ቦታ አለው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በራሷ አሚሮች ትተዳደር የነበረችው፣ በመሐሉ ለአሥር ዓመት ያህል በግብፆች የተያዘችው ከተማ፣ የአሚር አብዱላሂ ጦር በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር ሲሸነፍ ነጻነቷን አጣች። ከመቶ ዓመት በኋላ የሽግግር መንግሥቱ አዋጅ ቁጥር 7/1984 ሐረሪን ክልል 13 አድርጎ አቋቋመ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 47 ከዘጠኙ ክልሎች አንዱ አድርጎ ዘረዘረው። እንግዲህ በመንግሥት አመለካከት ዴሞክራሲ የራስ ቆጠራ ብቻ ሳይሆን፣ በቁጥር ያነሰው ሕዝብ በገዛ ቀዬው እንዳይዋጥ የሚከላከል ጋሻም ነው።

ጋሻው የተሠራው በምክር ቤቱ ውስጥ ነው። ምክር ቤቱ 36 መቀመጫ አለው፤ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ፣ 14ቱ ደግሞ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው። ለመጀመሪያው ነዋሪው ሁሉ ይመርጣል። ለሁለተኛው የሚመርጡት ሐረሪዎች ብቻ ናቸው፤ የክልሉን ርዕሰ መስተዳድር በዕጩነት የሚያቀርበውም ይኸው ጉባኤ ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚኖሩ ሐረሪዎች ሳይቀሩ ባሉበት ሆነው ድምፅ ሲሰጡ ኖረዋል። በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ የሚሰጠውን ድምፅ እንደማያስፈጽም ሲያሳውቅ ክርክሩ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ለሐረሪዎቹም ተፈረደላቸው። ክልሉ ድምፅ የሰጠው ከአብዛኛው አገር ዘግይቶ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር።

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ የሐረር ከተማ በጁገል ውስጥ ሐረሪ ቤት የገባ ሰው ይህን አወቃቀር ለመረዳት አይቸገርም። ወለሉ ከፍና ዝቅ ባሉ፣ በቀይ አፈር በተቀቡ፣ ነደባ በሚባሉ መደቦች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ መደብ ባለቤት አለው። «አሚር ነደባ» የአባወራው ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ የሚገባውን የሚወጣውን ያያል። እንግዳ ሲበዛ ሁሉም ጠጋ ጠጋ ብሎ ይቀመጣል እንጂ የአባወራው ቦታ አይነካም። አሥራ አራቱ መቀመጫዎች ለእኔ የዚህ ቤት አሚር ነደባ ናቸው፤ መኖራቸውም ተገቢ ይመስለኛል። ቋንቋው፣ አፎቻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር፣ የጁገል ቅርስ ሌላ መጠጊያ አገር የላቸውም።

የመንግሥት ማብራሪያ የሚጎድለው ሌላው እንግዳ የት እንደሚቀመጥ ሲጠየቅ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና ኦሮምኛ ናቸው። በሸዋ በር ገበያ ግን ሐረሪዋ ነጋዴ፣ ከገጠር ጫት ያመጣችው ኦሮሞና ጉራጌው ሱቅ ከፋች ብዙ ጊዜ የሚግባቡት በአማርኛ ነው። ከተማዋ ውስጥ ተወልዶ ያረጀ አማራ ወይም ጉራጌ ድምፅ የመስጠት መብት አለው፤ በስሙ የተያዘ ወንበር ግን የለም። ፉክክሩም የሳሳ ነበር። በ2007ቱ ምርጫ የሐረሪ ብሔራዊ ሊግ (ሐብሊ) እና የኦሮሞ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት (ኦሕዴድ) 36ቱን ወንበሮች 18፣ 18 ተካፍለው ለሌላ ፓርቲ አንድም አልተረፈም። መብቱ በወረቀት ላይ የጸና ቢሆንም፣ ተወካዩን ለመለወጥ የሚፈልግ ነዋሪ አማራጭ አልነበረውም። ይህ ቅር የሚያሰኝ ጉድለት ነው፤ ጋሻውን ራሱንም ያዳክማል።

ጎረቤቷ ድሬዳዋ ሌላ መልክ አላት። በሕገ መንግሥቱ ስሟ አይገኝም፤ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ሥልጣን ለኦሮሞና ለሶማሌ አርባ አርባ፣ ለቀሪው ሃያ ከመቶ የሚደለድለው አሠራርም ሲያነጋግር ቆይቷል።

የሁለቱ ከተሞች ዕጣ ደግሞ በውኃ ተሳስሯል። ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከተማዋ በአብዛኛው የምትጠጣው ድሬዳዋ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በረጅም ቧንቧ ሽቅብ ከሚገፋላት ውኃ ነው። ቧንቧው የሚያልፈው ከክልሉ ወሰን ውጭ ስለሆነ፣ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር የክልሉ መሪዎች ከጎረቤት አስተዳደሮች ጋር መነጋገር አለባቸው። የጁገል እናቶች ደግሞ ቢጫ ጀሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቃሉ።