የሐሩር ክልል የፒት ቃጠሎ ልቀት ምንድን ነው?

ፒት የሚባለው፣ ውኃ በሚተኛበት ረግረግ ውስጥ ቅጠል፣ ሥርና ግንድ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብሱ ለሺህ ዓመታት እየተደራረቡ የሚፈጥሩት ጥቁር ቡናማ አፈር ነው። ውኃው ኦክስጅን ወደ ታች እንዳይዘልቅ ስለሚከለክል አብስባሽ ተሕዋስያን ሥራቸውን መጨረስ አይችሉም፤ ስለዚህም ዕፅዋቱ በሕይወት ሳሉ ከአየር የወሰዱት ካርቦን እዚያው ተቀብሮ ይቆያል። ጨለለቃ ሐይቅ መሆኑ ቀርቶ ጥቁር ውኃ ወንዝ የሚነሣበት ረግረግ ሲሆን ላየ የሐዋሳ ሰው ረግረግ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ የሚነሣው ረግረግ ግን በስፋትም በጥልቀትም ሌላ ነው። በኢንዶኔዥያ፣ በሱማትራ ደሴትና በካሊማንታን (የቦርኒዮ ደሴት የኢንዶኔዥያ ክፍል)፣ ከ10 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ፒት ይገኛል፤ ወደ እኛ በሚቀርበው የኮንጎ ተፋሰስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 145,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሸፍነው ፒት ውስጥ 30 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን እንዳለ ገምቷል።

ውኃ የጠገበ ፒት አይነድም። ለእሳት የሚዳረገው፣ ሰው ቦይ ቆፍሮ ውኃውን ሲያፈስሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የኢንዶኔዥያው ፕሬዚዳንት የሱሃርቶ መንግሥት በማዕከላዊ ካሊማንታን 1 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን ረግረግ ወደ ሩዝ እርሻ ለመለወጥ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቦይ አስቆፈረ፤ ሩዙ አልሆነም፣ ቦዩ ግን ውኃውን ማፍሰሱን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ የዝናብን ሥርጭት የሚያዛባው ክስተት) ዝናቡን ሲያስቀር፣ መሬት ለመመንጠር የተለኮሰው እሳት በደረቀው አፈር ውስጥ ገባ። በዚያ ዓመት ከኢንዶኔዥያ ፒትና ደን የወጣው ካርቦን ከ0.81 እስከ 2.57 ቢሊዮን ቶን እንደሚደርስ የተገመተ ሲሆን፣ ይህም ዓለም በዓመት ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ከምትለቀው ከ13 እስከ 40 በመቶ ጋር የሚመጣጠን ነበር። የግምቱ ስፋት ራሱ ነገሩን መለካት ምን ያህል አዳጋች እንደሆነ ያሳያል።

የፒት እሳት ነበልባል እምብዛም የለውም፤ እንደ ተለኮሰ ኩበት ከውስጥ እየጋመ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይጨሳል። ልቀቱን ልዩ የሚያደርገውም ይኸው ነው። በቂ ኦክስጅን አግኝቶ በነበልባል የሚነድ ሣር ካርቦኑን ከሞላ ጎደል ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጠው፣ እየጋመ የሚጨስ ፒት ግን ጉልህ ድርሻውን በከፊል ብቻ ያቃጥለዋል። ከእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ደረቅ ፒት 1,600 ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከ200 እስከ 300 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከ10 እስከ 20 ግራም ሚቴን ይወጣል፤ ከአንድ ኪሎ የሣር ምድር ቃጠሎ የሚወጣው ሚቴን ግን 2 ግራም ያህል ብቻ ነው። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ሙቀት ያምቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ (ቤት ዘግቶ ከሰል የሚያነድድን ሰው የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው) በራሱ ሙቀት የማመቅ ኃይሉ ደካማ ቢሆንም፣ ሚቴንን ከአየር የሚያስወግደውን ሃይድሮክሲል የተባለ ውሕድ ስለሚሻማ የሚቴንን ዕድሜ ያራዝማል።

የሣር ቃጠሎን ካርቦን ቀጣዩ ክረምት የሚያበቅለው ሣር መልሶ ይወስደዋል። ፒት ግን በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢያድግ ነው፤ ስለዚህ ልቀቱ ከድንጋይ ከሰል ጋር ቢቆጠር እንጂ ከሣር ጋር ሊቆጠር አይገባም ባይ ነኝ።

ከጋዙ ጋር የሚወጣው ጭስ በአብዛኛው ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ፣ ጥቀርሻው ጥቂት ኦርጋኒክ ካርቦኑ ብዙ የሆነ ብናኝ ነው፤ ከአንድ ኪሎ ፒት እስከ 20 ግራም ያህል ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ24 ሰዓት ያስቀመጠው መመሪያ በሜትር ኩብ 15 ማይክሮግራም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በካሊማንታን ከተሞች የታየው መጠን ይህን በብዙ ዐሥር እጥፍ ያለፈ ነበር። ጭሱ ባሕር ተሻግሮ በሲንጋፖርና በማሌዥያ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። ያን ጭስ ያባባሰው ኤልኒኖ በ2008 ዓ.ም. በአገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ለምግብ እርዳታ የዳረገውን ድርቅ ያስከተለው ያው ኤልኒኖ ነው። በዚያ መስከረምና ጥቅምት የኢንዶኔዥያ ቃጠሎ በቀን ይለቅ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 11.3 ሚሊዮን ቶን ተገምቷል፤ የአውሮፓ ኅብረት የቅሪተ አካል ነዳጅ ልቀት በቀን 8.9 ሚሊዮን ቶን ነበር።

ልቀቱን ለማስላት የተቃጠለውን ስፋት ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ ወሳኙ ጥልቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በማዕከላዊ ካሊማንታን ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካው አማካይ ጥልቀት 33 ሴንቲ ሜትር ነበር። የአንድ ሜትር ኩብ ፒት ደረቅ ክብደት 100 ኪሎ ግራም ነው ብንል፣ በአንድ ሄክታር 330 ቶን ይነድዳል፤ ከዚያም ከ500 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድና 6 ቶን ገደማ ብናኝ ይወጣል። ሳተላይት ትኩስ ነጥቦችን ቢያይም ከመሬት በታች የሚጨሰው ዝቅተኛ እሳት በጭስና በደመና ተሸፍኖ ሊያመልጠው ይችላል። በተጨማሪም ደጋግሞ የተቃጠለ ቦታ ከመጀመሪያው ይልቅ በየጊዜው እየሳሳ ስለሚነድድ፣ ለሁሉም ሄክታር አንድ ዓይነት ጥልቀት የሚወስድ ስሌት አሮጌውን ጠባሳ አብዝቶ፣ ገና አሁን ውኃው የፈሰሰበትን ረግረግ ደግሞ አሳንሶ ይቆጥራል።