የሳውዝ ካሮላይና ፕራይመሪ እና የጥቁር መራጮች ታማኝነት

የሳውዝ ካሮላይና ፕራይመሪ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ለፕሬዝዳንትነት የሚያቀርበውን እጩ ለመለየት በየስቴቱ ከሚያካሂዳቸው ምርጫዎች አንዱ ነው። ለብቻው ሊፃፍለት የሚገባው ግን ድምፅ ከሚሰጡት ከግማሽ በላይ ጥቁሮች ስለሆኑ ነው፣ መራጮች ከጣቢያ ሲወጡ እየተጠየቁ በተሰራው ጥናት በ2008 55 በመቶ፣ በ2016 61 በመቶ፣ በ2020 ደግሞ 56 በመቶ አካባቢ ነበሩ (አመተ ምህረቱም ወሩና ቀኑም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ለረጅም ጊዜ ከሱ በፊት ሲመርጡ የኖሩት አይዋ እና ኒው ሃምፕሸር ነዋሪያቸው በአብዛኛው ነጭ ነው፣ ስለዚህ የጥቁር መራጭ ድምፅ መጀመሪያ ጎልቶ የሚሰማው እዚህ ነው። በኛ ቋንቋ ጉዳዩ ሲነሳ ብዙ ጊዜ "ያው ጥቁር ጥቁርን ይመርጣል" ተብሎ ይታለፋል። ታሪኩን ቁጭ ብሎ ላየው ግን እንደዛ አይደለም፣ እነዚህ መራጮች በአሜሪካ ፖለቲካ ውስጥ በጣም አስተዋይ ከሚባሉት ናቸው።

መነሻው መታወቅ አለበት። በድሮው ደቡብ ከዴሞክራቶች ሌላ የሚያሸንፍ ፓርቲ ስላልነበረ ዋናው ምርጫ ፕራይመሪው ነበር፣ በህዳር ፓርቲዎቹ እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ለስም ያህል ነው፣ እዛ ፕራይመሪ ላይ ደግሞ ጥቁር ሰው መምረጥ አይፈቀድለትም። በ1944 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከቴክሳስ በመጣ ክስ የነጮች ብቻ ፕራይመሪ ህገወጥ ነው ሲል የሳውዝ ካሮላይና ህግ አውጪዎች በአስቸኳይ ተሰብስበው ፕራይመሪን የሚመለከቱትን የስቴቱን ህጎች ሰረዙና ፓርቲው እንግዲህ የግል ማህበር ነው፣ ማንን እንደምናስገባ እኛ እናውቃለን አሉ። ጥቁሮቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በዛው አመት ጋዜጠኛው ጆን ማክሬይ እና ጓደኞቹ ፕሮግረሲቭ ዴሞክራቲክ ፓርቲ የሚባል የራሳቸውን ፓርቲ አቋቁመው ቺካጎ እስከተካሄደው የፓርቲው ጉባኤ ድረስ ሄደው ወንበር ጠየቁ። ከዛ ኮሎምቢያ ከተማ ውስጥ ሱቅ የነበረው ጆርጅ ኤልሞር ከሰሰ፣ በ1947 ዳኛ ዋቲስ ዋሪንግ ፈረደለት፣ ሳውዝ ካሮላይና ወደ አሜሪካ ህብረት የምትመለስበት ጊዜ ደርሷል ብሎም ፃፈ። ዋሪንግ ራሱ የቻርልስተን ነጭ ነው፣ በዚህ ምክንያት ወገኖቹ አግልለውት መጨረሻ ላይ ኒው ዮርክ ገባ። ኤልሞር ደግሞ ሱቁን አጣ። ዛሬ እጩዎች የሚለምኑት ድምፅ በዚህ ዋጋ የተገኘ ነው።

ጥቁሮች ወደ ዴሞክራቶች የመጡት ቀስ በቀስ ነው። ባርነትን ያስቀረው ሊንከን ሪፐብሊካን ስለነበር ለብዙ አመት የሱ ፓርቲ ደጋፊ ነበሩ። በ1936 ምርጫ አብዛኛው ወደ ሩዝቬልት ዞረ፣ በ1948 ትሩማን በጦር ሰራዊቱ ውስጥ የዘር መለያየት እንዲቀር አዘዘ፣ በ1964 ደግሞ የሪፐብሊካኖቹ እጩ ጎልድዋተር የሲቪል መብቶች ህጉን ተቃውሞ ድምፅ ስለሰጠ ነገሩ አበቃለት። በዛው አመት የሳውዝ ካሮላይናው ሴናተር ስትሮም ተርመንድ ዴሞክራቶችን ጥሎ ሪፐብሊካን ሆነ፣ የደቡቡ ነጭ መራጭም ባለፉት አስርት አመታት በብዛት ተከተለው። ፕራይመሪው ላይ ጥቁሮች አብላጫ የሆኑት በዚህ ነው፣ እነሱ ሲመጡ ሌላው ወጣ።

ጥቁር እጩ ፕራይመሪ ላይ ሲቀርብ ኦባማ የመጀመሪያው አይደለም። ሸርሊ ቺዝም በ1972 ተወዳድረዋል፣ በትልቅ ፓርቲ ለፕሬዝዳንት እጩነት የተወዳደሩ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። ጄሲ ጃክሰን በ1984 ከ3 ሚሊዮን በላይ፣ በ1988 ደግሞ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ አገኘ፣ የተወለደው ግሪንቪል ሳውዝ ካሮላይና ስለሆነ እዛ ሁለቴም አሸንፏል። ከሱ የተረፈው ትልቁ ነገር የፓርቲው ደንብ ነው፤ ያሸነፈ በፓርቲው ጉባኤ ላይ እጩውን የሚመርጡትን ተወካዮች ጠቅልሎ የሚወስድበት አሰራር ቀርቶ እያንዳንዱ እንዳገኘው ድምፅ እንዲካፈል የተደረገው በጃክሰን ግፊት ነው፣ ኦባማ ከ20 አመት በኋላ ያሸነፈው በዚሁ ደንብ ነው። በ1992 ቢል ክሊንተን፣ በ2004 እዛው የተወለደው ጆን ኤድዋርድስ አሸንፈዋል።

ወደ 2008 እንምጣ። በ2007 መጨረሻ አካባቢ እንኳን በጥቁር ዴሞክራቶች ዘንድ በፖል (የህዝብ አስተያየት በሚለካበት ጥናት) የምትመራው ሂላሪ ክሊንተን ነበረች። ይሄን ብዙ ሰው ዛሬ ረስቶታል። ባሏ በጥቁሩ ማህበረሰብ በጣም ይወደድ ነበር፣ ኦባማን ደግሞ የሚያውቀው ጥቂት ነው፣ አባቱ ኬንያዊ እናቱ ነጭ፣ ያደገው ሃዋይ፣ ስለዚህ "ይሄ ሰው የኛ ነው?" የሚል ጥያቄ ነበረ። ከሁሉም የከበደው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ነጭ አይመርጠውም፣ ድምፃችን ሜዳ ላይ ይቀራል የሚል ስጋት። ሁለተኛ ይገድሉታል የሚል ፍርሃት። ይሄ ተራ ወሬ አልነበረም፣ ከግንቦት 2007 ጀምሮ ፕሬዝዳንቶችን የሚጠብቀው ሲክሬት ሰርቪስ ይጠብቀው ነበር፣ ለአንድ እጩ እንደዛ ቀደም ብሎ ጥበቃ ተሰጥቶ አያውቅም ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግን እና ኬኔዲዎቹን የቀበሩ እናቶች ልጁን ስለሚወዱት ነው አይወዳደር ያሉት።

የኦባማ ሰዎች ስራቸውን የሴቶች ፀጉር ቤቶች፣ የወንዶች ፀጉር አስተካካዮች እና ቤተክርስቲያኖች ውስጥ ጀመሩ። በሰኔ 2007 ራሱ ኦባማ ግሪንዉድ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ፣ አንድ የስቴቱ ምክር ቤት አባል እኛ ጋ ከመጣህ እደግፍሃለሁ ስላለችው ቃሉን ለመጠበቅ ነው። እየዘነበ ነው፣ ደክሞታል፣ ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው 20 ቢሆን ነው። እጅ እየጨበጠ እያለ ከኋላው አንድ ድምፅ "ፋየርድ አፕ!" ብሎ ጮኸ፣ ሰዉ ተቀበለ፣ "ሬዲ ቱ ጎ!" ብሎ ቀጠለ፣ አሁንም ተቀበለ። ጯሂዋ የካውንቲው ምክር ቤት አባል ኢዲት ቻይልድስ ናቸው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ፈገግ ብለው ቆመዋል። ወኔያችን ተነስቷል፣ ለመንገድ ዝግጁ ነን እንደማለት ነው። ኦባማ ታሪኩን በየመድረኩ አወራው፣ መፈክሩም የካምፔኑ ሆነ። በታህሳስ ኦፕራ ዊንፍሪ ኮሎምቢያ ስትመጣ ግን ስታዲየሙ ውስጥ 29,000 አካባቢ ህዝብ ነበር።

ሁሉን የገለበጠው አይዋ ነው። ጥር 3 ቀን 2008 ያ ነጭ የሚበዛበት ስቴት ኦባማን በ38 በመቶ አንደኛ አደረገው፣ ኤድዋርድስ 30 ሂላሪ 29። ሳውዝ ካሮላይና ያሉት ሲጠብቁት የነበረው ማረጋገጫ ይሄ ነበር፣ ነጭ ከመረጠው ያሸንፋል ማለት ነው፣ በሳምንታት ውስጥ ሰዉ ወደሱ ጎረፈ። በዚህ መሀል ሂላሪ የኪንግ ህልም እውን መሆን የጀመረው ፕሬዝዳንት ጆንሰን የሲቪል መብቶች ህጉን ሲያፀድቅ ነው፣ ለዚህ ፕሬዝዳንት ያስፈልግ ነበር የሚል አስተያየት ሰጠች፣ ቢል ክሊንተንም ኦባማ ስለ ኢራቅ ጦርነት ያለውን አቋም ተረት ነው አለ፣ ሁለቱም በጥቁሮች ዘንድ ክፉኛ ተወሰደ።

ጥር 26 ኦባማ 55፣ ሂላሪ 27፣ ኤድዋርድስ 18 በመቶ አገኙ። ከጥቁሮቹ 78 በመቶ ለኦባማ፣ ከነጮቹ ግን 24 በመቶ ብቻ። ከ530,000 በላይ ሰው ነው የወጣው፣ በ2004 300,000 እንኳ አልሞላም ነበር። ማታ ኮሎምቢያ ላይ ደጋፊው "ዘር ለውጥ አያመጣም" እያለ ሲጮህ ነበር። በዛው ቀን ቢል ክሊንተን ጄሲ ጃክሰንም በ84 እና በ88 እዚህ አሸንፎ ነበር ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ። የጥቁር እጩ ብቻ ነው ለማለት ነው ወይስ ታሪክ ማስታወሱ ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል፣ ክሊንተን ራሱ ክፉ አስቤ አይደለም ብሏል፣ ሰሚው ግን ምን እንደተባለ ገብቶታል። የሳውዝ ካሮላይናው የኮንግረስ አባል ጂም ክላይበርን ያኔ ማንንም አልደገፉም ነበር፣ እሳቸው በኋላ እንደተናገሩት ክሊንተን በዛው ሌሊት ከ8 ሰአት በኋላ ደውሎ ተቆጥቷቸዋል።

ታማኝነት ምን ያህል እንደሚፈትን በጆን ሉዊስ ይታያል። በ1965 ለመምረጥ መብት ሰልፍ ወጥቶ ሴልማ ድልድይ ላይ ጭንቅላቱን የተፈነከተውና ያኔ የኮንግረስ አባል የነበረው ሉዊስ የክሊንተኖች የድሮ ወዳጅ ነው፣ በጥቅምት 2007 ሂላሪን ደግፏል። የአትላንታ ወረዳው ግን በከፍተኛ ድምፅ ኦባማን መረጠ። በየካቲት መጨረሻ ሉዊስ ወደ ኦባማ ዞረ፣ ከባድ ውሳኔ እንደነበር አልደበቀም፣ ሰው ከወዳጁ እና ከህዝቡ መሀል ሲቆም እንዲህ ነው።

ከዛ በኋላ የዘር ጉዳይ በሌላ በኩል መጣ። የኦባማ ቄስ የጄረማያ ራይት አሜሪካን የሚያወግዝ ስብከት ቪዲዮ መጋቢት ላይ ሲወጣ ኦባማ መጋቢት 18 ፊላደልፊያ ላይ ስለ ዘር ያን ረጅም ንግግር አደረገ። ሂላሪ ፔንሲልቬኒያን ወሰደች፣ ዌስት ቨርጂኒያን 67 ለ26 አሸነፈች፣ እዛ ከአምስት መራጭ አንዱ ገደማ ዘር በውሳኔዬ ውስጥ ገብቷል ሲል አብዛኛው ለሷ ነው የመረጠው። ስለዚህ በዘር መረጡ የሚለው ወቀሳ ለጥቁሮቹ ብቻ መሰጠቱ ፍትሃዊ አይደለም። የላቲኖ መራጩም፣ በተለይ ካሊፎርኒያ ላይ፣ ከሂላሪ ጋር ነበር። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ እና ዲሲ የካቲት 12 በአንድ ቀን ሲመርጡ ሶስቱንም ኦባማ ወሰደ፣ በዚህ አካባቢ የሚኖረው ሀበሻም ለኦባማ ተደራጅቶ ሲቀሰቅስ ነበር፣ ለስደተኛ የዛ ልጅ ስም ብቻውን ብዙ ነገር ይናገራል። ሂላሪ ሰኔ 7 መሸነፏን አምና ደጋፊዎቿን ወደሱ አዞረች።

ከስምንት አመት በኋላ በ2016 እነዛው የሳውዝ ካሮላይና ጥቁሮች ለሂላሪ 86 በመቶ ሰጧት፣ ተፎካካሪዋን በርኒ ሳንደርስን 73 ለ26 አሸነፈች። ቂም አልያዙም።

2020 ደግሞ "ጥቁር ለጥቁር" የሚለውን አባባል ጨርሶ ያፈርሳል። ካማላ ሃሪስ እና ኮሪ ቡከር ሁለቱም ያኔ ሴናተር የነበሩ ጥቁሮች ናቸው፣ ድምፅ መስጠት ሳይጀመር ወጡ፣ በፖል ጥቁር መራጩ ከባይደን ጋር ነበር። ባይደን አይዋ ላይ አራተኛ ኒው ሃምፕሸር ላይ አምስተኛ ወጥቶ አለቀለት ሲባል ነው ክላይበርን የገቡበት። ከዛ በፊት ቀብር ላይ ቤተክርስቲያን ውስጥ ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጠርተዋቸው ማንን ነው የምትመርጠው፣ ጮክ ብለህ ማለት ካልፈለግክ ጆሮዬ ላይ ንገረኝ አሏቸው። ጎንበስ ብለው ነገሯቸው። አሮጊቷም ይሄን መስማት እፈልግ ነበር፣ ይሄ ህዝብም ካንተ መስማት አለበት አሉ። የካቲት 26 ክላይበርን ጆ ባይደንን እናውቀዋለን፣ ከሁሉ በላይ ግን ጆ ያውቀናል ብለው ድጋፋቸውን ሰጡ፣ በሶስተኛው ቀን ባይደን 49 በመቶ ገደማ ይዞ አሸነፈ፣ ሳንደርስ 20 ነበር። ከሶስት ቀን በኋላ በአንድ ቀን ከመረጡት 14 ስቴቶች 10ሩን ወሰደ።

ፓርቲው ለ2024 ሳውዝ ካሮላይናን የመጀመሪያ አደረጋት፣ ባይደን የካቲት 3 ላይ 96 በመቶ አገኘ። ሐምሌ 21 ራሱን ሲያገልና ሃሪስን ሲደግፍ ግን እጩነቷ ያለ ፕራይመሪ አለፈ፣ ስለዚህ የግሪንዉድ እና የኦሬንጅበርግ እናቶች በሷ ላይ የሚሰጡት ፍርድ በካርድ አልታየም። በዛው ምሽት ግን ከ40,000 በላይ ጥቁር ሴቶች ዙም ላይ ተገናኝተው እስከ እኩለ ሌሊት ገንዘብ ሲያዋጡላት አመሹ።