ባር ምንድን ነው? የቡና ማሽን ካርቶን ላይ ስለተጻፈው «20» ቁጥር

በቀደም አንዲት ደንበኛዬ ማሽኗን አቅፋ መጣች። «ጋሼ፣ 20 ባር ነው ብለው ሸጡልኝ። ቡናው ግን ውሃ ውሃ ይላል። ፓምፑ ደክሞ ይሆን?» አለችኝ። ማሽኑ ገና ሁለት ወሩ ነው።

በዚያው ሰሞን አንዱ በቪዲዮ «15 ባር ለጀማሪ ነው፤ ወፍራም ቡና የምትወዱ 20 ግዙ» ሲል ሰማሁት። ወንድሜ፣ እንደሱ አይደለም። ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው አንተን አምኖ ነው።

ባር የግፊት መለኪያ ነው። የመኪና ጎማ ከ2 ባር ትንሽ ከፍ ብሎ ይሞላል። ኤስፕሬሶ የሚወጣው ደግሞ በ9 ባር አካባቢ ነው። በብዙ መቶ ሺህ ብር የሚገዛው የካፌ ማሽን እንኳ የሚስተካከለው 9 ላይ ነው። እዚያ ማሽን ላይ ሁለተኛ ጌጅ (ባለ ቀስት የግፊት ማሳያ) ካያችሁና ከ1 እስከ 1.5 ካነበበ አትደንግጡ። እሱ የቦይለሩ፣ ማለትም ውሃ የሚሞቅበት ጋን፣ እንፋሎት ነው፤ «ማሽኔ ግፊት የለውም» እያሉ በእሱ የሚጠሩኝ ብዙ ናቸው።

ታዲያ 15 እና 20 ከየት መጣ? ፓምፑ መውጫው ሁሉ ቢዘጋበት ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው። የቪትዝን ዳሽቦርድ አስቡት። 180 ድረስ ተጽፎበታል። ከመገናኛ ሲኤምሲ ግን በ180 አትሄዱም። የጎረቤታችሁ መኪና 220 ስለተጻፈበት ቀድሟችሁ ቢሮ አይገባም።

ደግሞ ሞተር ሜዳ ላይ አይጨነቅም። የሚያቃስተው የእንጦጦን ዳገት ሲጀምር ነው። ፓምፑም እንደዚያው ነው፤ ዳገቱ ቡናው ነው። ቡናው ደቆና በደንብ ተጠቅጥቆ ውሃውን ካልተቃወመው ግፊት አይፈጠርም። ውሃው ዝም ብሎ ያልፋል። ግፊቱን ግማሹን የሚሠራው መፍጫችሁ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ይብዛ ቢባል እንኳ አይጠቅምም። ከልክ ያለፈ ግፊት ቡናውን ያፍነዋል፤ ውሃው ደካማ ቦታ ፈልጎ በአንድ በኩል ሸንቁሮ ይወጣል። ያን ጊዜ መራራውም ኮምጣጣውም አንድ ስኒ ውስጥ ይገናኛሉ። ደህና ማሽን ትርፉን ግፊት ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው የሚመልስ ትንሽ ቫልቭ ያለው ለዚህ ነው።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስ። ቡና የሚጨመርበትን እጀታ አውጥቼ መውጫው ድፍን የሆነ፣ ጌጅ ያለው እጀታ ገጠምኩበት። ቀስቱ 14ን አለፈ። ፓምፑ ደህና ነው። «ቡናሽን አሳዪኝ» አልኳት። ለጀበና የተወቀጠ ነው። በጣቴ ሳሸው ገሚሱ ዱቄት፣ ገሚሱ ሽርክት። ለጀበና ግሩም ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። ከዚያ ቡናው የሚቀመጥበትን ማጣሪያ ገለበጥኩት። ከላይ ብዙ ቀዳዳ፣ ከታች አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ብቻ። ድርብ ግድግዳ ያለው ነው። ይሄ ሜዳ መንገድ ላይ እንደተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ነው። ሞተሩን ያስጨንቀዋል፣ ዳገት ግን አያስወጣውም። አረፋው ይታያል፣ ቡናው ቀጭን ነው።

ባለ አንድ ግድግዳ ማጣሪያ ቀየርኩላት። 15 ግራም ቡና በእኔ መፍጫ አድቅቄ አወጣሁላት። በ27 ሰከንድ 30 ግራም ወረደ፤ እንደ ማር እየተጎተተ። ማሽኑ ያው የራሷ ማሽን ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ስለ ባር አትጠይቁ። ዋናው ጥያቄ ስንት ማኪያቶ ታወጣላችሁ የሚለው ነው። አንድ ቦይለር ያለው ማሽን ቡና በ93 ዲግሪ አካባቢ ያወጣል፤ ለወተት እንፋሎት ግን ከ120 በላይ መሞቅ አለበት። በመሃል መጠበቅ አለ። ጥቁር ለሚጠጣ ሰው ይበቃል። እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ግን አራተኛው ማኪያቶ ሲደርስ የመጀመሪያው በርዷል። እዚያ ሁለት ቦይለር ያለው፣ ወይም በእንፋሎቱ ቦይለር ውስጥ የቡናው ውሃ በራሱ ቱቦ እያለፈ የሚሞቅበት ዓይነት ያስፈልጋል። ከበጀታችሁ ሲሶውን ደግሞ ለመፍጫ ያዙ።

መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ላላችሁ በእጅ የሚጫነውን ማሽን እመክራለሁ። የጣሊያናዊው አኪሌ ጋጃ ማሽን ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወፍራም ክሬማ (የቡናውን አረፋ) ያወጣው በሞተር ሳይሆን በክንድ ኃይልና በስፕሪንግ ነው። ፓምፕ የያዘው የፋኤማ ኩባንያ ኢ61 ማሽን የመጣው በ1961 ነው፤ ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከማንቆርቆሪያ ቀድታችሁ ቀዝቃዛ ብረት ውስጥ ስትጨምሩት የበለጠ ይወርዳል፤ ብዙ ሳይጠቁር የተቆላ ቡና ይኮመጥጥባችኋል። መጀመሪያ ብረቱን በፈላ ውሃ አሙቁት፤ ቡናውንም ጠቆር አድርጋችሁ ቁሉ።

ደንበኛዬ ያንኑ ማሽን ይዛ ሄደች። አሁን ጥሩ የእጅ መፍጫ ገዝታለች።